ሁለት የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቀብለውኛል፤ የትኛውን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ ተስፈኛዋ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት አመልክቼ አንድም ቦታ አልተሳካልኝም ነበር፤ ዘንድሮ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ አሜሪካ ካሉ ሁለት የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የመቀበያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለቱም ቦታ ለመያዝ የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ ስለሚጠይቁ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱን መምረጥ አለብኝ፤ ከዘመድም ከወዳጅም በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ስለሌለኝ የእናንተን ምክር እሻለሁ።

የመጀመሪያው ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችን ሲያስመርቅ የኖረና ሙሉ ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከወላጆቼ ከተማ በአውሮፕላን ካልሆነ አይደረስበትም። ዓመታዊ የትምህርት ክፍያው 62,000 ዶላር ነው፤ ለኪራይ፣ ለምግብና ለሌላው ወጪ 28,000 ስጨምርበት 90,000 ይሆናል። ስኮላርሺፕ አልሰጠኝም። ሁለተኛው ከተከፈተ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ፣ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ገና ያላስመረቀ፣ በዚህም ምክንያት በቅድመ ዕውቅና ደረጃ ላይ የሚገኝ አዲስ ትምህርት ቤት ነው። ክፍያው 58,000 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ 15,000 ስኮላርሺፕ ፈቅዶልኛል፤ ከወላጆቼ ቤት በመኪና 25 ደቂቃ ብቻ ስለሚርቅ ከእነርሱ ጋር እየኖርኩ ሌላውን ወጪ በ12,000 መሸፈን እችላለሁ። በዚህ ስሌት ዓመቱ 55,000 ነው። በአራት ዓመት አንዱ 360,000፣ ሌላው 220,000 ይሆናል ማለት ነው።

ልቤ ያለው የውስጥ ደዌ ወይም የቤተሰብ ሕክምና ላይ ነው፤ ሆኖም የአንስቴዥያን (የማደንዘዣ ሕክምናን) በር ከወዲሁ መዝጋት አልፈልግም። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት የሐኪም ቀጠሮዋን የምይዝላትም፣ አብሬያት ገብቼ የማስተረጉምላትም እኔ ነኝ፤ መራቄ ለእርሷ ቀላል አይሆንም። አባቴ ደግሞ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚወጣው፣ ዲኦ የሚባለው፣ ኤምዲ የሚል የተለመደውን የሐኪም ዲግሪ እንደያዘው ሙሉ ሐኪም መሆኑን እስካሁን ደጋግሞ ይጠይቀኛል። በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትመዝኑ ነበር?

መልስ፦ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔም የዲኦ ተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ስመርጥ ሳልጠይቀው ያለፍኩት አንድ ነገር ስላለ እርሱን ልንገርሽ።

ከወላጆችሽ ቤት 25 ደቂቃ የሚርቀው የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፤ ግቢው ውስጥ የምትማሪው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ከአንዱ የሕክምና ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በሚማሩበት የሆስፒታልና የክሊኒክ ሮቴሽን ያልፋል፤ አብዛኞቹ የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ሆስፒታል ስለሌላቸው ተማሪዎቻቸውን የሚልኩት ውል ወደገቡባቸው ሆስፒታሎች ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሌላ ስቴት የሚገኙ ናቸው። ምደባው በዕጣ የሚካሄድበት ትምህርት ቤት አለ። የእኔም እንደዚያ ነበር፤ ዕጣዬም ሬዚደንቶች (ተመርቀው ሬዚደንሲ በሚባለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) የሌሉበት አነስተኛ ሆስፒታል ላይ ወደቀ። የውስጥ ደዌ ሮቴሽኔን ያሳለፍኩት ከአንድ ሐኪም ጋር በተመላላሽ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ደግና ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፣ ብዙም አስተምሮኛል። ነገር ግን ሌሊት ተረኛ ሆኜ ድንገተኛ ሕመምተኛ መቀበልን፣ ጠዋት ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ ላይ ቆሜ ስለ ሕመምተኛዬ ለቡድኑ ማስረዳትን፣ የሬዚደንትን የሥራ ቀን ምንነት ያየሁት በአራተኛ ዓመት ወደ ሌላ ሆስፒታል ለአንድ ወር በሄድኩ ጊዜ ነው፤ ያውም ለሬዚደንሲ ይመርጡኛል ብዬ ተስፋ በማደርግባቸው ሰዎች ፊት። እኩዮቼ ያለ ሐሳብ የሚሠሩትን ነገር እኔ እዚያ ገና እማር ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች የሦስተኛ ዓመት ሆስፒታሎቻቸውን ስም ዝርዝር ጠይቂ፤ በእያንዳንዱ ሆስፒታል ውስጥ የትኞቹ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች እንዳሉ፣ ምደባው በዕጣ ይሁን በምርጫ፣ ሮቴሽን ድንገት ቢሰረዝ ሌላ የሚፈልገው ትምህርት ቤቱ ይሁን ተማሪው ጠይቂ። የቅበላ ክፍሉ የሚሰጥሽን መልስ ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መልስ ጋር አስተያዪው። በተለይ አዲሱ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ወደ ሆስፒታል አውጥቷልና፣ እነርሱ የሚነግሩሽን ያህል ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

መልስ፦ የቤተሰብ ሐኪም

ልጄ፣ በመጀመሪያ ለአባትሽ ጥያቄ መልስ ልስጥ። እኔ ራሴ ዲኦ ነኝ። ሙያው የተጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም በ1892 በሚዙሪ ስቴት በከርክስቪል ከተማ በከፈተው ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ዲኦ የሆነ ሐኪም በ50ዎቹም ስቴቶች መድኃኒት የማዘዝም ቀዶ ጥገና የማድረግም ሙሉ ፈቃድ አለው። ከኤምዲ የሚለየው በትምህርት ዘመኑ በእጅ የሚሰጥ የአጥንትና የጡንቻ ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና መውሰዱ ነው። ቀድሞ ለዲኦና ለኤምዲ ተለያይቶ የነበረው የሬዚደንሲ ዕውቅና ሥርዓትም በ2020 ተጠቃልሎ አንድ ሆኗል። ማች በሚባለው፣ ተመራቂዎችን ከሬዚደንሲ ቦታ ጋር በሚያገናኘው ዓመታዊ ምደባ በ2025 ከተሳተፉት የዲኦ ተመራቂ ተማሪዎች 92.6 ከመቶ የሚሆኑት የሬዚደንሲ ቦታ አግኝተዋል፤ የኤምዲዎቹ 93.5 ከመቶ ነበር። አባትሽ ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

ወደ ምርጫሽ ስመጣ፣ አንጋፋው ትምህርት ቤት ያለው ትልቁ ብልጫ የሚመረመር ታሪክ ነው። ዕውቅና ሰጪው አካል ኮካ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን የኮምሌክስ (የዲኦዎች የሥራ ፈቃድ) ፈተና ውጤትና ሬዚደንሲ የገቡትን ቁጥር በይፋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ያንን ስታነቢ ግን ጠንቀቅ በይ፤ መቶ ለመቶ የሚጠጋ ቁጥር ውስጥ በማች ሳይሳካላቸው ክፍት የቀሩትን ቦታዎች ለመሙላት በሚደረገው ሁለተኛ ዙር የገቡም፣ የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ቦታ ብቻ ያገኙም ተደምረው ሊሆን ይችላል። ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ በአራት ዓመት እንደጨረሱ፣ ስንቱ ዓመት እንደደገሙ፣ ስንቱ እንደወጡ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ ከማች ዝርዝሩ ላይ የማይታዩት እነርሱ ናቸውና።

አዲሱ ትምህርት ቤት ይህ ታሪክ የለውም። ቅድመ ዕውቅና ማለት ግን ዕውቅና የተነፈገው ማለት አይደለም፤ ማንኛውም አዲስ የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች እስኪያስመርቅ ድረስ የሚቆይበት ደረጃ ነው። ቢዘጋ ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ የማይነካ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥም ይገደዳል። አንቺ ስትመረቂ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ቀድመውሽ ወጥተው ስለሚሆን የመጀመሪያው ሸክም በአንቺ ላይ አይወድቅም።

አንስቴዥያን በተመለከተ፣ ኮምሌክስ ደረጃ 1ም ሆነ የኤምዲዎቹ የሥራ ፈቃድ ፈተና ስቴፕ 1 ከ2022 ጀምሮ ውጤታቸው አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ፈተና፣ ወደ ሮቴሽን ግምገማና ወደ ድጋፍ ደብዳቤ አዘንብሏል። ለመመረቅ የሚያስፈልግሽ ኮምሌክስ ነው፤ ተወዳዳሪ ለሆነ ስፔሻሊቲ ግን ስቴፕ 2ንም መውሰድ እመክራለሁ። ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም ፈተናዎች የዝግጅት ጊዜ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ። ለውስጥ ደዌና ለቤተሰብ ሕክምና ከሆነ ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች መግባት ትችያለሽ ብዬ በሙሉ ልብ እነግርሻለሁ።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሐኪም አባት

ከላይ የተሰጡት ምክሮች መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ገንዘቡ በበቂ አልተነሣም፤ እኔ ደግሞ ልጄን በዚህ ትምህርት ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ የፌዴራል የተማሪ ብድር ሕግ ተለውጧል። ቀደም ሲል የሕክምና ተማሪ በግራድ ፕላስ አማካይነት ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን ወጪ በሙሉ ከመንግሥት መበደር ይችል ነበር፤ አሁን ያ ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል፤ የሙያ ትምህርት ተማሪ የሚበደረውም በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የአንቺን ቁጥሮች አስቀምጪያቸው። ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት በየዓመቱ 40,000፣ በአራት ዓመት 160,000 ዶላር ከግል ባንክ መፈለግ ይኖርብሻል። ለሁለተኛው የሚጎድልሽ በዓመት 5,000 ነው።

የግል ብድር ከፌዴራሉ ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም ምናልባት አባትሽ ይሆናሉ። በገቢ ልክ የሚከፈልበት ሥርዓት የለውም። ከሁሉ በላይ፣ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ለፈጸመ ሰው ቀሪው ዕዳ የሚሰረዝበት የሕዝብ አገልግሎት ምሕረት የግል ብድርን አይነካም። የሬዚደንሲ ዓመታት ለዚህ ምሕረት ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ በውስጥ ደዌ ለሚሠራ ሐኪም 200,000 የፌዴራል ዕዳ ሊሸከሙት የሚቻል ሲሆን፣ 160,000 የግል ዕዳ ሲጨመርበት ግን የት እንደምትሠሪና ምን እንደምትሠሪ ዕዳው ይመርጥልሻል።

ዜግነት ካለሽ የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ኮር ስኮላርሺፕንም ተመልከቺ። የትምህርት ክፍያን ሸፍኖ ወርኃዊ ድጎማ ይሰጣል፤ በምላሹም ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማገልገል ግዴታ ነው። የቤተሰብና የውስጥ ደዌ ሕክምናን ያካትታል፤ አንስቴዥያን ግን አያካትትም፤ ስለዚህ ልብሽ ሳይቆርጥ አትፈርሚ።

መልስ፦ ሬዚደንት

እኔ ከአዲስ ትምህርት ቤት ከሁለተኛዎቹ ተመራቂዎች ጋር የወጣሁ ነኝ፤ አሁን የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ሥርዓተ ትምህርቱ በየሴሚስተሩ ይለዋወጥ ነበር፤ አንዳንዱ ፈተና ያልተማርነውን ይጠይቅ ነበር፤ ያደክማል። በሌላ በኩል ቅሬታችንን የሚሰማ ሰው ነበረን፤ ዲኑ ሁላችንንም በስም ያውቁን ነበር። የእናትሽን ነገር ግን እንደ ትንሽ ነገር አትይው። እኔ በሁለተኛ ዓመት አባቴ ታሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ስድስት ሰዓት እየነዳሁ እመላለስ ነበርና፣ ያ ዓመት በትምህርቴ ላይ ያደረሰውን አውቃለሁ።

ምላሽ፦ ተስፈኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ ለአባቴ የጻፉለትን አንብቤለታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን አላነሣም።

ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ደውዬ ጠየቅሁ። አንጋፋው ሆስፒታሎቹ በሙሉ በአንድ ከተማ ውስጥ መሆናቸውን፣ ሬዚደንቶችም እንዳሉባቸው አስረዳኝ፤ በገንዘብ በኩል ግን ሊረዳኝ አልቻለም። አዲሱ ደግሞ፣ የአራተኛ ዓመቷ እህቴ እንደገመተችው፣ ምደባው በዕጣ መሆኑንና አብዛኞቹ ቦታዎች ከግቢው ሦስት ሰዓት እንደሚርቁ ነገረኝ። በዚያ ስሌት ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ኪራይ መክፈል ስለሚኖርብኝ በየዓመቱ 16,000 ይጨመራል፤ 220,000 ያልኩት 252,000 ይሆናል፤ ከእናቴም ጋር መሆኔ በሁለት ዓመት ያበቃል። ያንን ቀን በጣም ተረብሼ ነበር።

በማግሥቱ እንደገና ደውዬ የቤተሰብ ሕመምተኛ ለሚያስታምም ተማሪ የተለየ ሥርዓት ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ። አለ። በማስረጃ የተደገፈ ምክንያት ያላቸው ተማሪዎች ከዕጣው በፊት የሚመደቡባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ከቤታችን 40 ደቂቃ የሚርቅ፣ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ያለው ሆስፒታል ነው። እዚያ ያለች አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አነጋገርኩ፤ በራውንድ ላይ ኬዝ እንደምታቀርብ፣ በየአራት ቀኑም ተረኛ እንደምትሆን ነገረችኝ። አንስቴዥያ እዚያ ሬዚደንሲ የለውም፤ ለእርሱ በአራተኛ ዓመት ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄድ ይኖርብኛል፤ ይህን አውቄ ተቀብያለሁ።

በቃል የተነገረኝን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ለምኜ የእናቴን የሕክምና ማስረጃ ላክሁ። የምደባ ኃላፊው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ለአዲሱ ትምህርት ቤት ቅድሚያ ክፍያውን ከፈልኩ፤ ለአንጋፋውም በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሆኖ ስልኩን የሚጠብቅ ሌላ ተማሪ ስላለ ቦታዬን መልቀቄን በዚያው ሰዓት አሳወቅሁ።