ክርክር፦ ዲዮን ሳንደርስ ነባር ተጫዋቾችን ጠርጎ ማስወጣቱ ልክ ነበር?

አወያይ፦ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የ2023 የአሜሪካ ፉትቦል ዓመት በዩታ ዩኒቨርሲቲ 23 ለ 17 ተሸንፎ ተዘጋ። 4 ድል፣ 8 ሽንፈት፣ ፓክ 12 በሚባለው ሊግ መጨረሻ። አዲሱ አሰልጣኝ ሳንደርስ ገና ሲመጣ ነባሮቹን ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ ብሎ ከ80 በላይ አዳዲስ አስገብቷል። ያዋጣ ነበር? እባካችሁ ስድብ ይቅር።

የአውሮራው፦ ሰዎች ቶሎ ይረሳሉ። ይህ ቡድን እኮ በ2022 ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው! ዘንድሮ በመክፈቻው የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን (ቲሲዩ)፣ ያውም በጥር ለአገሩ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰውን ቡድን፣ በራሱ በቲሲዩ ሜዳ 45 ለ 42 ረታ። በኮሎራዶ ሜዳ፣ ቦልደር ከተማ ላይ፣ የስድስቱም ጨዋታ ትኬት አለቀ። ዴንቨር የምንኖር ሐበሾች ሳንቀር ፉትቦል ማየት የጀመርነው በማን ነው?

ታዛቢ፦ ሦስት አሸንፎ ከዚያስ? ኦሪገን 42 ለ 6 ቀጠቀጠው። ስታንፎርድን 29 ለ 0 እየመራ እረፍት ወጥቶ በጭማሪ ሰዓት 46 ለ 43 ተሸነፈ። ትኬቱን ተወው ወንድሜ።

የተማሪ እናት፦ እኔ ውጤቱ አያሳስበኝም። ልጄ በሌላ ኮሌጅ ስፖርተኛ ነው፤ አንድ አሰልጣኝ ሳሎናችን ተቀምጦ አደራ ተቀብሎ ነው የወሰደው። ሳንደርስ በመጀመሪያው ስብሰባ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ ሻንጣዬን ይዤ መጥቻለሁ፣ ሉዊ ቪቶን ነው አላቸው። የራሴን ምርጥ ተጫዋቾች ይዤ መጥቻለሁ፣ እናንተ ውጡ ማለቱ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ይባላል? የራሱን ሁለት ልጆች ግን አሰልፏል።

የአውሮራው፦ እህቴ፣ ሕጉ እኮ አዲስ አሰልጣኝ ነባሮችን እንዲያሰናብት ይፈቅዳል። መቅረት የፈለገ ተማሪም ስኮላርሺፑ አይነካበትም።

የተማሪ እናት፦ ልጁ ሊጫወት ነው የመጣው። ክፍያው ቀጠለለት ማለት ሜዳው ተመለሰለት ማለት አይደለም።

ኳስ ወዳድ፦ እሷ ያለችውን ትታችሁ በኳሱ ብቻ ብትፈርዱም ያው ነው። ኳስ አቀባዩ የአሰልጣኙ ልጅ ሸዱር ሳንደርስ በ11 ጨዋታ 52 ጊዜ ኳስ እንደያዘ መሬት ላይ ተጥሏል። ለዩታው ጨዋታ ጀርባው ተጎድቶ መሰለፍ እንኳ አልቻለም። ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉት አምስት ግዙፎች መግባባት አለባቸው፤ ማን ማንን እንደሚይዝ በዓይን ጥቅሻ የሚነጋገሩት አብረው ሲከርሙ ነው። እንደ ትራቪስ ሃንተር ያለ ባለተሰጥኦ ብቻውን ዛሬ መጥቶ ነገ ያበራል፤ የእነዚህ አምስቱ መስመር ግን በአንድ ክረምት ግዢ አይሠራም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በኅዳር ደግሞ ሳንደርስ የማጥቃት ስልቱን በየቅብብሉ የሚመርጠውን ረዳቱን ሾን ሉዊስን ከዚያ ሥራ አንስቶ ለሌላ ሰጠ፣ ማሸነፍም አልመጣም።

የአውሮራው፦ እሺ፣ መስመሩ ደካማ ነው፣ ይህን እኔም አይቻለሁ። መፍትሔው ግን ያው ዝውውር ነው። አምስት ጠንካራ ልጆች ያምጣና በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገር።

የተማሪ እናት፦ ያሁኖቹ አምስቱስ? እነሱም እኮ አምና ተመርጠው የመጡ ናቸው።