የብርቅዬ ወፎች ማረፊያ ለሁሉም ይነገር ወይስ ይሰወር?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጉዳይ ይህ ነው። ከእኛ ከወፍ ተመልካቾች አንዱ፣ መንቁሩ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ትንሹን የባሕር ዳርቻ ወፍ፣ ማንኪያ መንቁሩን፣ በፍልሰት ወቅት በአንድ ጭቃማ ዳርቻ አይቶ፣ ትክክለኛውን ቦታ በጽሑፍ ለሁሉም አሳወቀ። በማግስቱ በየዕለቱ የሚሸሸውና የሚመለሰው የባሕር ውኃ ሞልቶ ወፎቹ በቀረችው ጠባብ ደረቅ መሬት ላይ ተጠጋግተው በቆሙበት ሰዓት ተመልካቾች ከበቧቸው፤ መንጋውም በአንድ ጠዋት ደጋግሞ ለመነሣት ተገደደ። እንዲህ ያለውን ማረፊያ ለሕዝብ ማሳወቅ ተገቢ ነውን? የአሳዋቂውን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ የምንከራከረው ስለ ድርጊቱ ነው።

ባለ ቴሌስኮፕ፦ ተገቢ አይደለም፤ ምክንያቴም የወፎቹ አኗኗር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ባር-ቴልድ ጎድዊት የሚባል አንድ ገና አምስት ወር የሆነው የባሕር ዳርቻ ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ፣ በተገጠመለት የሳተላይት መከታተያ እንደታየው፣ አንድም ጊዜ ሳያርፍ በ11 ቀን 13,560 ኪሎ ሜትር በርሮ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ ደርሷል። ስንቁ ከመነሣቱ በፊት በሰውነቱ ያከማቸው ስብ ብቻ ነበር። የባሕር ዳርቻ ወፎች ይህን ስብ የሚሰበስቡት ውኃው ሸሽቶ ጭቃው በሚገለጥባቸው ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ውኃው ሲሞላ መብል ስለሌለ ያገኙትን ይዘው ቆመው ማረፍ አለባቸው። እኛ ደግሞ የምንሄደው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ወፎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው በቅርብ የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቢጠጋ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቦታው ከታወቀ የሚመጣው አንድ ሰው አይደለም፣ እያንዳንዱም የራሱን አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ቆጣሪ፦ ወንድሜ ስለ ስቡ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። የማልቀበለው ከዚያ ተነሥተው የደረሱበትን ፍርድ ነው። እነዚህን ወፎች ካመናመኗቸው ነገሮች ዋነኛው የማረፊያቸው መጥፋት ነው። በደቡብ ኮሪያ ሳማንገም በተባለው ስፍራ 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቶ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ይገለጥ የነበረው ሰፊ ጭቃ ከባሕሩ ተቆረጠ። በዚያ ያርፉ ከነበሩት ግሬት ኖት የሚባሉ ወፎች ብዙ አሥር ሺዎች ጠፉ። «ወደ ጎረቤት ዳርቻ ይሄዳሉ» ተብሎ ነበር፤ በጎረቤት ዳርቻም አልተገኙም፣ በሚከርሙበት በአውስትራሊያም ቁጥራቸው ቀነሰ። ይህን ልናውቅ የቻልነው አስቀድሞ በቦታ በቦታው የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1971 ረግረጋማ ስፍራዎችን ለመጠበቅ በተፈረመው የራምሳር ስምምነት መሠረት አንድ ረግረጋማ ስፍራ የአንድን የውኃ ወፍ ሕዝብ 1 በመቶ በመደበኛነት የሚያስተናግድ ከሆነ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ማንኪያ መንቁሩ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ስለሆነ፣ በየዓመቱ በአንድ ዳርቻ የሚታዩ አምስት ወይም ስድስት ወፎች ይህን መስፈርት ለማሟላት ይበቃሉ። እንግዲህ አንድ ተመልካች በማስታወሻ ደብተሩ የደበቃቸው ስድስት ወፎች ለዚያ ዳርቻ የሚቀርብ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ግንብ ሠሪው ቦታውን ለማወቅ የእኛን ፈቃድ አይጠይቅም።

ጀማሪ፦ ለሁለታችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ወፉ ጉዞውን ቀጥሎ ከሄደ በኋላ ቦታውን ማሳወቅ አይበቃምን? መረጃው አይጠፋም፣ ወፉም አይረበሽም።

ባለ ቴሌስኮፕ፦ ለአንዳንድ ወፎች ይበቃል። መንገድ ስቶ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ያለ ወፍ ከሆነ ዘግይቶ መናገሩ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን አብዛኞቹ የባሕር ዳርቻ ወፎች በየዓመቱ ወደዚያው ጭቃ ይመለሳሉ፤ እግራቸው ላይ ፊደልና ቁጥር ያለው የቀለም ምልክት የታሰረላቸው ወፎች በተከታታይ ዓመታት በአንድ ዳርቻ ሲነበቡ ኖረዋል። ስለዚህ አምና የተነገረ ቦታ ዘንድሮም ይሠራል፤ ምስጢሩ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ቆጣሪውንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀጭን መንቁር የነበረው ከርሊው የተባለው ወፍ የሚከርምበት፣ በሞሮኮ የሚገኘው መርጃ ዘርጋ የተባለው የባሕር ዳር ሐይቅ ታውቆ ነበር፤ ተመልካቾችም ከሩቅ አገር ይሄዱለት ነበር። በዚያው ስፍራ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት ታየ፤ በ2025 ደግሞ ከምድር የጠፋ ዝርያ መሆኑ ተገለጸ። መታወቁ ምን ጠቀመው?

ቆጣሪ፦ ጥያቄው ከባድ ነው፤ በግማሹ ተሸንፌያለሁ። መታወቅ ብቻውን ወፍ አያድንም። ግን የዚያን ወፍ ነገር እስከ መጨረሻው ካነሣነው፣ ጎጆው የተገለጸው በሳይቤሪያ ታራ በምትባል ከተማ አካባቢ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንደሚፈለፈል፣ በመንገዱም የት የት እንደሚያርፍ በሚገባ ሳይታወቅ ቀረ። በሚገባ የታወቀችው ያች የክረምት ማደሪያ ናት፤ የቀረው ዓመቱ አብዛኛው ጨለማ ነበር። ስለዚህ ይህ ወፍ ብዙ ስለተነገረለት ጠፋ ማለት አልችልም።

የቀድሞ ፎቶ አንሺ፦ እኔ በዚያ ጠዋት ወፎቹን ከከበቡት ሰዎች አንዱ ባልሆንም፣ በሌላ ዳርቻ እንዲሁ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ወፏ ክንፏን ስትዘረጋ ለማንሣት ብዬ ሆን ብዬ ጥቂት እርምጃ ተጠጋሁ። ስዕሉ ተወደደልኝ። የሚያዩት ሰዎች «እንዴት ያምራል» ሲሉ፣ የተዘረጋው ክንፍ የፍርሃት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ቦታውን ባላውቅ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ ነገር ግን የት መቆም እንዳለብኝና በየትኛው ሰዓት መቅረት እንዳለብኝ የነገረኝ ሰውም አልነበረም። መንገዱን ሲነግሩኝ ርቀቱንም ቢነግሩኝ ኖሮ እላለሁ።

ቆጣሪ፦ ይህ እውነተኛ ምስክርነት ለተነሣንበት ጉዳይ መልሱን ያቀርብልናል ብዬ አምናለሁ። «ይነገር» ወይም «አይነገር» ከማለት በፊት በዚያ ስፍራ ወፉን የሚያሰጋው ምን እንደሆነ እንጠይቅ። ሥጋቱ ጎጆ የሚዘርፍ ወይም በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከሆነ መሰወር ይገባል። ብዙዎቻችን መረጃ የምንልክበት ኢ-በርድ የተባለው መዝገብ እንኳ ሥጋት ላለባቸው ወፎች ነጥቡን ሰውሮ በ20 በ20 ኪሎ ሜትር ካሬ ውስጥ ብቻ ያሳያል። ሥጋቱ ግንብና ቁፋሮ ከሆነ ግን መሰወር ለቆፋሪው መተባበር ነው።

አደንም ቢሆን ሁልጊዜ በዝምታ አይሸነፍም። በማያንማር በሞታማ ባሕረ ሰላጤ የአካባቢው ድኾች በመረብ ያጠምዱ የነበሩት በአብዛኛው ትልልቆቹን ወፎች ሲሆን፣ ማንኪያ መንቁሩ አብሮ ይያዝ ነበር። ይህ የታወቀው ተመራማሪዎች ወፉ የሚከርምበትን ፈልገው ስላገኙና ውጤቱን ስላልደበቁ ነው። ከዚያም ከአጥማጆቹ ጋር ተነጋግረው ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኙ ተደረገ፤ ስፍራውም እ.ኤ.አ. በ2017 በራምሳር መዝገብ ገባ። ቦታውን ብንደብቅ ኖሮ አጥማጆቹ አስቀድመው ያውቁታልና የምንደብቀው ከሚረዱት ሰዎች ብቻ ነበር።

ባለ ቴሌስኮፕ፦ ስለ ግንቡና ስለ አጥማጆቹ እቀበላለሁ። በሁለት ነገር ግን ከአቋሜ አልነቃነቅም። አንደኛ፣ ወፎቹ የሚመገቡበትን ሰፊ ጭቃ ማሳወቅና ውኃው ሲሞላ የሚቆሙበትን ነጥብ ማሳወቅ አንድ አይደለም። ጭቃው ኪሎ ሜትሮች ስለሚሰፋ ተመልካች ይችለዋል፤ ማረፊያው ግን አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ቤት ግቢ አይሰፋም። ለቆጠራም ለምዝገባም የሚያስፈልገው የዳርቻው ስም ነው እንጂ ያች ነጥብ አይደለችም፤ ትክክለኛውን ነጥብ የሚፈልጉ ቆጣሪዎች በቀጥታ ሊላክላቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ ቦታውን የሚያሳውቅ ሰው በዚያው ጽሑፍ ውኃው የሚሞላበትን ሰዓትና የመቆሚያውን ርቀት የማይጽፍ ከሆነ ቦታውንም አይጻፍ።

ጀማሪ፦ ርቀቱ ስንት ሜትር ይሁን?

ባለ ቴሌስኮፕ፦ በሜትር ልነግርህ አልችልም፤ በዝርያው፣ በመንጋው ብዛትና በነፋሱ ይለያያል። ወፎቹ መብላታቸውን ትተው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ አልፈህ ሄደሃል ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመለስ። ተኝተው ከሆነም ዓይናቸውን ሲገልጡ ያው ነው።

አወያይ፦ ክርክሩ ያላለቀ ቢሆንም ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የዳርቻው ስም ለቆጠራ ይቀርባል፣ ውኃ ሲሞላ የሚያርፉበት ነጥብ ለሕዝብ አይነገርም። ቀድሞ የተነገረውን ነጥብ አሳዋቂው ራሱ ከጽሑፉ እንዲያነሣው እንጠይቀዋለን። ጽሑፉን ያዩት ሰዎች ግን አይተውታል፤ በሚቀጥለው የፍልሰት ወቅት ውኃው በሚሞላባቸው ጠዋቶች በዚያ ስፍራ ዳር ላይ ቆመው መጪዎችን ለማነጋገር ፈቃደኛ የሆኑ ካሉ ያሳውቁን።

የቀድሞ ፎቶ አንሺ፦ እኔን ጻፉኝ።