«የተውሶ አልበም» ነው ወይ?

ሮክ በእንጀራ፦ ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሬዲዮ ላይ አንዱ አቅራቢ ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ሌድ ዜፕሊን ሁለተኛ አልበም ያወራል። ደስ ብሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁት። «በነገራችን ላይ ይሄ የተውሶ አልበም ነው» ብሎ ማስታወቂያ ውስጥ ገባ። በቃ። አንድ ዘፈን እንኳን አላሰማም። በንዴት «ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ ሰፈሬን አልፌ ወረድኩ። እስቲ ፍረዱኝ።

ልደታ 12፦ ምኑ ላይ ነው የምንፈርደው? ሰውዬው እንዲያውም አለስልሶታል። የ«ሆል ሎታ ላቭ» ግጥም ከአሜሪካዊው የብሉዝ ዘፈን ደራሲ ከዊሊ ዲክሰን የመጣ ነው፤ የብሉዝ ዘፋኙ ሙዲ ዋተርስ በ1962 ዘፍኖታል። «ዘ ሌመን ሶንግ» የሌላው የብሉዝ ዘፋኝ የሃውሊን ዎልፍ «ኪሊንግ ፍሎር» ነው። የ«ብሪንግ ኢት ኦን ሆም» መግቢያና መውጫ ደግሞ ሰኒ ቦይ ዊሊያምሰን የተጫወተው ነው፤ ደራሲው ያው ዲክሰን። ከ9 ዘፈን 3።

ዝምተኛው፦ ቆይ፣ በ1962? አልበሙም የወጣው በ1962 ነው። ጥቅምት 12። ታዲያ ማን ከማን ወሰደ?

ልደታ 12፦ በፈረንጅ ነው ያልኩት!! አልበሙ በነሱ 1969 ነው።

ዝምተኛው፦ ግሩፑ የአማርኛ መስሎኝ ነው።

ቤዝ ነኝ፦ እኔን ያናደደኝ «ተውሶ» የሚለው ቃል ነው። ተውሶ እኮ ጎረቤት ሄደህ ምጣድ ስትጠይቅ ነው። ትጋግራለህ፣ ትመልሳለህ። እነዚህ ምጣዱን ሳይጠይቁ ወስደው እንጀራውን ሸጡት።

ሮክ በእንጀራ፦ እሺ፣ እንጀራው ግን የማን ነው? ሊጡ የነሱ ነው! የ«ሆል ሎታ ላቭ» ሪፍ፣ ያ የሚደጋገመው የጊታር ዜማ፣ የጊታሪስታቸው የጂሚ ፔጅ ነው። ሙዲ ዋተርስ ጋ ሂጂና ስሚ፤ ያ ሪፍ እዛ የለም። መሃል ላይ ያለው ጩኸት፣ ቴረሚኑ (ያ ሳይነኩት የሚጫወቱት የኤሌክትሪክ መሣሪያ)፣ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ የሚሄደው ነገር ሁሉ ከየት ተዋሱት?

ልደታ 12፦ ሊጡ የፔጅ፣ እርሾው የዲክሰን። ያለ እርሾ ቂጣ ነው የሚወጣልህ።

ቤዝ ነኝ፦ 😂😂 እርሾ ግን ሰው ሁሉ ከጎረቤት ነው የሚወስደው፤ ማንም አይመልስም።

ልደታ 12፦ አንቺ ደግሞ ከማን ወገን ነሽ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከዚህ ሆኜ እየሳቅኩ ነው የማነበው። ብሉዝ እኮ ለእነሱ እንደ ትዝታ ነው። ትዝታን ያልተጫወተ ዘፋኝ ጥሩልኝ። እና ሁሉም ሌባ ነው? ራሱ ሙዲ ዋተርስ ከሱ በፊት ከነበሩት ሰምቶ አይደል የጀመረው?

ጋሽ ሸክላ፦ ልጄ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ትዝታ ቅኝት ነው። ዲክሰን ግን ሰው ነው። ቺካጎ የኖረ፣ ቤተሰብ ያለው፣ ዘፈን ጽፎ የሚበላ። ትዝታ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊከስህ አይችልም።

ልደታ 12፦ ጋሼ ኑሩልኝ! ሰውዬው እኮ በ1985 ከሰሰ (በፈረንጅ፣ ዝምተኛው፣ በፈረንጅ!)። ከዛ ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ። አሁን ስሙ ዘፈኑ ላይ ተጽፏል። የሰው ምጣድ 16 ዓመት ይዞ፣ ሲከሰስ የመለሰ ሰው ተዋሰ ነው የሚባለው?

ሮክ በእንጀራ፦ ተስማሙ አልክ አይደል? ተስማሙ። አለቀ። እናንተ ከዲክሰን በላይ ተበዳይ ሆናችሁ።

ልደታ 12፦ አለቀ ካልክ ታክሲ ውስጥ ምን አናደደህ?

ሮክ በእንጀራ፦ አልበሙ አሜሪካ ውስጥ የቢትልስን «አቢ ሮድ» ከአንደኝነት ያወረደ አልበም ነው። ይሄን «ተውሶ» ብሎ ማስታወቂያ መልቀቅ ነው ያናደደኝ።

ዝምተኛው፦ የተሰረቀ ስልክም ቶሎ ነው የሚሸጠው።

ሮክ በእንጀራ፦ ለሚስቱ የጻፈላት «ታንክ ዩ»ስ? ዘፋኛቸው ፕላንት እሱንም ከቺካጎ አመጣው?

ዝምተኛው፦ ሚስቱን ተዋሰ ያለ የለም ወንድሜ።

ቤዝ ነኝ፦ ስለ ሙዚቃው የሚያወራ ሰው ይጥፋ? «ሌመን ሶንግ» ላይ ጆን ፖል ጆንስ የሚሠራውን ስሙት እስቲ። ጊታሩ ሶሎ ሲጀምር ሌላ ባሲስት ቢሆን አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። እሱ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ፣ ሰላም ብሎ ይመለሳል። ዜማው የሃውሊን ዎልፍ ይሁን፤ ያ ቤዝ ግን የማንም አይደለም። እኔ ሁለት ዓመት ሞክሬው አልወጣልኝም።

ጋሽ ሸክላ፦ እንግዲህ ወደ ጆሮ ከመጣችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ሆል ሎታ ላቭ» 4 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሙዚቃው ይቆማል። ፕላንት ብቻውን ይመጣል። ደህና አድርጋችሁ ስሙ፤ ከሱ ቀድሞ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል የራሱ ድምፅ አለ። ቴፑ ላይ የቀረ ሌላ ቅጂው ነው። ማጥፋት ሲያቅታቸው የድምፅ ባለሙያው ኤዲ ክሬመርና ፔጅ ማስተጋቢያ ጨምረውበት ተዉት። እኔ ለብዙ ዓመት የኔ ሸክላ የተበላሸ መስሎኝ በጨርቅ ስወለውል ኖሬአለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ አሁኑኑ ከፈትኩት። ፀጉሬ ቆመ።

ልደታ 12፦ እሱን አልካድኩም። አልበሙን እኮ እወደዋለሁ። ስም ይጻፍ ነው ያልኩት።

ሮክ በእንጀራ፦ አሃ! አሁን ይወደዋል!

ልደታ 12፦ መውደድና መመስከር ይለያያል። በዛ ላይ የመጀመሪያው ይበልጣል። የመጀመሪያው ለንደን አንድ ስቱዲዮ ቁጭ ብለው የሠሩት ነው። ሁለተኛው ኮንሰርት እየዞሩ ለንደን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ኒውዮርክ፣ ቫንኩቨር የተለቃቀመ ነው። «ሃርትብሬከር» ላይ ጊታሩ ብቻውን የቀረበት ቦታ ከሌላ ቤት መጥቶ የተሰፋ እንደሆነ ያስታውቃል።

ቤዝ ነኝ፦ ለኔ ደግሞ ጣዕሙ እሱ ነው። መንገድ መንገድ ይሸታል። «ራምብል ኦን» ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ዘፈን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ሊቪንግ ላቪንግ ሜይድ»ን ግን ማንም አይከላከልልኝ። ፔጅ ራሱ አይወደውም።

ሮክ በእንጀራ፦ በሱ ተስማምተናል። «ሞቢ ዲክ» ሲመጣ ደግሞ ቡና ይፈላል።

ጋሽ ሸክላ፦ ምን?! ቦንሃም በባዶ እጁ ከበሮ ሲመታ ቡና?

ሮክ በእንጀራ፦ ጋሼ አይቆጡ፣ ከበሮ ብቻ እኮ ነው።

ጋሽ ሸክላ፦ በኛ ጊዜ ካሴት የቀዳልኝ ልጅ እንዳንተ አስቦ ከበሮውን ቆርጦ አውጥቶታል። ቴፕ እንዲተርፈው። በተረፈው ላይ ያልጠየቅኩትን ዲስኮ ሞላበት። ሙሉውን የሰማሁት ስንት ዘመን ቆይቶ ነው።

ዝምተኛው፦ ልጁ ለዲክሰን ከፍሎ ነበር?

ጋሽ ሸክላ፦ ለማንም አልከፈለም። እኔም ካሴቱን እስካሁን አለኝ።

ልደታ 12፦ ይኸው! እኛው ነን እንግዲህ ስለ ባለቤትነት የምንከራከረው።

ሮክ በእንጀራ፦ አይ፣ አሁን ደግሞ ወሬ አትቀይር። ሊጡ የማን ነው? መልስ።

ልደታ 12፦ እርሾውን መልስና እነግርሃለሁ።

ቡሌ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ሁለተኛ አልበም የምትሉት የጃኖ ባንድን ነው?

ዝምተኛው፦ ወደ ላይ ሄደህ አንብብ። ቀኖቹ ግን በፈረንጅ ናቸው።