የ14ቱ ጀልባዎች ወለል፦ የጋራ ዕቅድ እስከ ታህሳስ ገብርኤል

ጸሐፊ
የሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ማኅበራችን ረቂቅ ይኸው፤ ሁሉም በጀልባው ቁጥር ይጻፍ። በስብሰባው የተጮኸበትን ሁሉ አላስገባሁም፤ ገንዘብ የሚያስወጣውን ብቻ ነው የጻፍኩት።
ሀ) ሞኬቱ ከሁሉም ጀልባ ይነሳ።
ለ) የበሰበሰው ኮምፖልሳቶ ይቀየር።
ሐ) ከላዩ 6 ሚሊ ሜትር ኢቫ ፎም (ለስላሳ፣ ስፖንጅ መሰል የፕላስቲክ ንጣፍ) ይለጠፍ።
መ) ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ጫማውን አውልቆ ይግባ።
ሠ) ለመጀመሪያው ዙር በጀልባ 4,000 ብር ይዋጣ፤ ቀሪው ከማኅበሩ ሣጥን።
ታህሳስ 19 ከመድረሱ በፊት ካላለቀ የገብርኤል እንግዳ የሚሳፈረው ያው የዓሣ ሽታ የጠጣው ሞኬት ላይ ነው። ሐሳብ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

6 ቁጥር
ሐ ላይ እስማማለሁ። ስሌቱ ይህ ነው፦ የእኛ ፋይበር ጀልባ ወለል 5.5 በ1.8 ሜትር ቢሆንም አፍንጫው ስለሚጠብና የወንበሮቹ እግር ስለሚቀነስ ከ7 ካሬ አይበልጥም። ፎሙ 2.4 በ1.2 ሜትር ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ አንዱ 2.88 ካሬ ነው። ለአንድ ጀልባ 3፣ ለ14ቱ 42። በውጭ አገር የበረዶ መንሸራተቻ በሚመስል ሰሌዳ ሰው ውኃ ላይ የሚጎትቱት ጀልባዎችም ድሮ የተለጠፈ ሞኬት ነበራቸው፤ ቀጥሎ በአውቶማቲክ ቁልፍ የሚነሳ ሞኬት መጣ፤ አሁን ብዙዎቹ ወደ ኢቫ ዞረዋል። ውኃ አይጠጣም፣ ለእግር ይለሰልሳል፣ በውኃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል።

3 ቁጥር
ከሐ በፊት ለ ይታይ። ፎም ችግር አይፈታም፣ ችግር ይሸፍናል። ወለሉን በመዶሻ እጀታ እየመታችሁ ሂዱ፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይታፈናል። የታፈነበት ላይ ካቻቢቴ ጫኑበት፤ ከ3 ሚሊ በላይ ከገባ ያ ቦታ አልቋል። ብስባሹ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወንበር ብሎን ነው። ቀዳዳው በትራፓኖ ይበሳል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ እንጨቱ ግን ውስጡ እርቃኑን ነው፤ ውኃው በብሎኑ ጥርስ ተከትሎ ይወርዳል። መፍትሔው ቀዳዳውን መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ መብሳት፣ በተወፈረ ኢፖክሲ ሙጫ መሙላት፣ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ እንደገና መብሳት ነው።
ኮምፖልሳቶው 12 ሚሊ፣ ኮላው ውኃ የሚችል ይሁን። ቁራጩን ለአንድ ሰዓት አፍልታችሁ እዩት፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ መልሱት። ቺፑድ የሚያስገባ ካለ በእኔ በኩል አልፈርምም። ከመግባቱ በፊት ታቹም ጠርዙም ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ይጠጣ፤ ሁሉም ላዩን ቀብቶ ታቹን ይረሳል፣ ውኃ የሚቆመው ግን ታች ነው።

14 ቁጥር
የእኔ አሉሚኒየም ነው። መድኃኒት የተነከረ እንጨት አትግዙልኝ፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ተራ የብረት ብሎንም እንደዚሁ። ትራፓኖው እኔ ጋ አለ፣ የሚፈልግ ይውሰድ።

9 ቁጥር
እኔ ሰኞ አዲስ አበባ ነኝ። መርካቶ ገብቼ ናሙናና ዋጋ ይዤ እመጣለሁ። ሬዚኑንም እዚያው እገዛለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ለ9 ቁጥር የናሙናና የሬዚን ቅድሚያ ተሰጥቷል፣ ፈርሟል። ደረሰኝ ያለ ማኅተም አልቀበልም።

11 ቁጥር
መ ይውጣ። ሙሽራ ቬሎ ለብሳ፣ ሚዜዎቿን አሰልፋ፣ ካሜራ ፊቷ ቆሞ «ጫማሽን አውልቂ» ልላት ነው? ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል የሰርግ ጀልባ የሚባለው የእኔ ነው። ይህን ነጥብ የጻፈው ሰርግ ጭኖ አያውቅም።

6 ቁጥር
ነጥቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያትም አለው። ሹል ተረከዝ ጫፉ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 60 ኪሎ ሰው በዚያ ላይ ሲቆም ፎሙ ይበሳል ወይም ተጨፍልቆ አይመለስም። የተበሳው ቦታ ውኃ ያስገባል፣ ከሥር ማጣበቂያው ይለቃል። ለአንድ ሰርግ ብለን 3 ፎም እንጣል?

11 ቁጥር
የአንድ ሰርግ ገቢ የስንት ቀን የ30 ደቂቃ ጉዞ እንደሚተካ ገንዘብ ያዥን ጠይቅ። ለማኅበሩ ሣጥን ከማንም የበለጠ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

2 ቁጥር
ሰርጉን ተዉት። በካልሲ እርጥብ ወለል ላይ መሄድ ከጫማ የባሰ ያንሸራትታል። ጫማ አውልቁ ካላችሁ ካልሲም አውልቁ በሉ። ያንን ለሽማግሌ የሚል ይኑር።

8 ቁጥር
12 ሰው ጫማ አውልቆ የት ያኖራል? ወንበር ሥር ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬቱ የሚቀመጥበት ነው። የሕፃን ጫማ ሐይቅ ውስጥ ከገባ የሚከፍለው ማን ነው?

6 ቁጥር
ፕላስቲክ ቅርጫት። አንድ ጀልባ አንድ ቅርጫት። አለቀ።

8 ቁጥር
አላለቀም። ቅርጫቱ ማለፊያ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ይደናቀፋል።

11 ቁጥር
ደግሞ የእግር ሽታስ? ሞኬቱን ለሽታ ብለን አንስተን የካልሲ ሽታ እናስገባ?

6 ቁጥር
አንተ የሰርጉን ጉርሻ ለብቻህ እየበላህ ወለሉን ግን በሁላችን መዋጮ ልታሠራ ነው የምትፈልገው። ግልጹ ይህ ነው።

11 ቁጥር
ይህን ቃል ታነሣለህ። ካላነሣህ መዋጮዬን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።

ሰብሳቢ
ሁለታችሁም አቁሙ። 6 ቁጥር፣ ስለ ጉርሻ የተናገርከውን አንሣ። 11 ቁጥር፣ መዋጮ አይመለስም፣ ደንቡን ታውቃለህ።

3 ቁጥር
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። 6 ቁጥር የጠቀሳቸው የውጭ ጀልባዎች የሚጭኑት ዋናተኛ ነው፤ ባዶ እግር፣ እርጥብ እግር። ኢቫ የተመረጠው ለዚያ እግር ነው። የእኛ ተሳፋሪ ባለ ጫማ ነው፣ ጫማውም ከመሳፈሪያው አሸዋ ይዞ ይገባል። የከተማችን አሸዋ ፑሚስ (ሻካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የበዛበት ነው፣ ፎም ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል። ስለዚህ ጥያቄው ሙሽራዋ አይደለችም። ጫማ የሚችል ወለል እንምረጥ ወይስ ወለሉ የሚችለውን ተሳፋሪ እንምረጥ ነው።
እኔ አሸዋ የተነሰነሰበት ቀለም እላለሁ። አሠራሩ፦ ወለሉ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሻካራል፣ አቧራው ተጠርጎ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ሁለት ክፍል ያለው ፖሊዩሬቴን ቀለም አንድ እጅ ይቀባል። ሳይደርቅ የታጠበ፣ የደረቀ፣ በደቃቅ ወንፊት የተነፋ አሸዋ ቀለሙ እስኪጠፋ ይነሰነሳል። ያድራል። ያልያዘው ይጠረጋል፣ ከላዩ ሁለት እጅ ይደገማል። አሸዋን ቆጥቦ እዚህም እዚያም መበተን አይሠራም፤ ወለሉ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ ለስላሳው ቦታ ሰው ይጥላል። ተረከዝ አይበሳውም፣ ቤንዚን ቢንጠባጠብ ወዲያው ከተጠረገ አይጎዳውም፤ ፎም ግን በቤንዚን ይለሰልሳል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል።

5 ቁጥር
ቀለሙ ለባዶ እግር ይሻክራል። ልጅ ቢወድቅ ጉልበቱ ይላጣል።

3 ቁጥር
እውነት ነው። ለዚያ ነው ደቃቅ ወንፊት ያልኩት።

6 ቁጥር
ስለ ጉርሻ የጻፍኩትን አንሥቻለሁ። ጋሼ 3 ቁጥር ስለ ጫማ ያሉት ልክ ነው። ግን ፎሙ ሙሉ በሙሉ አይውደቅ። መሃል ማለፊያው 60 ሴንቲ ሜትር ቀለም ይሁን፣ ከወንበር ፊት ግራና ቀኙ ፎም ይሁን። ሰው የሚቆመው መሃል ነው፣ እግሩን የሚያሳርፈው ዳር ነው። ያኔ ለአንድ ጀልባ 2 ፎም ይበቃል፣ 42ቱ ወደ 28 ይወርዳል።

11 ቁጥር
ሙሽራዋ መሃል ትቆማለች ማለት ነው?

6 ቁጥር
መሃል ትቆማለች። ጫማዋን አድርጋ።

11 ቁጥር
እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ፎሙ ጥቁር እንዳይሆን። እዚህ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ፎም እግር ያቃጥላል።

2 ቁጥር
ነጭም አይሁን። ሻይና ቡና ሲደፋበት አይለቅም። ደብዘዝ ያለ ግራጫ።

ጸሐፊ
9 ቁጥር፣ ናሙናው የት ደረሰ? ሰኞ አልፎ ሌላ ሰኞ መጣ።

6 ቁጥር
ናሙናው ሲመጣ የምፈትሽበት መንገድ፦ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ይመዘናል፣ ድንጋይ ተጭኖበት 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ላዩ ተጠርጎ እንደገና ይመዘናል። ከከበደ የስፖርት ቤት ፎም ነው፣ ለጀልባ አይሆንም። አለጣጠፉን ደግሞ አሁን ልጻፈው፣ ሁሉም የሚሳሳትበት ስለሆነ። ቅርጹ መጀመሪያ በካርቶን ይወጣል። ከግድግዳ፣ ከውኃ መውጫና ከሥር ውኃ መቅጃው ክዳን 1 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ማዕዘኑ ሁሉ ይክበብ፤ ሹል ማዕዘን መጀመሪያ የሚላጥ እሱ ነው። የቆየው የማስቲሽ ቅሪት ሙሉ በሙሉ ይነሳ፣ ወለሉ በአልኮል ይጠረግ፤ አኳራጅ አትጠቀሙ፣ ቅባት ይተዋል። ሥራው ጥላ ሥር፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ቀትር ላይ ፎሙ ተለጥጦ ይለጠፋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ተሸብሽቦ ጠርዙ ይከፈታል። የጀርባው ወረቀት በአንድ ጊዜ አይላጥ፤ ከአንድ ጫፍ 30 ሴንቲ ይላጥ፣ ይጫን፣ በሮለር ይጠፍጠፍ፣ ከዚያ ይቀጥል። ለ24 ሰዓት ውኃ አይንካው፣ ሰው ከ3 ቀን በኋላ ይሳፈር።

13 ቁጥር
እጥበቱስ? ሁልጊዜ የምትረሱት ይህን ነው።

6 ቁጥር
ማታ ማታ በሐይቁ ውኃ ሳይሆን በቧንቧ ውኃ፣ ለስላሳ ቡርሽ፣ ትንሽ ዱቄት ሳሙና። በረኪና ካስፈለገ በብዙ ውኃ ቀጥኖ፣ ወዲያው ይታጠብ። በተጨመቀ ውኃ ጠርዙን አትምቱ። የጀልባው መሸፈኛ ሸራም እስከ ታች ድረስ አይታሰር፣ አየር እንዲገባ።

7 ቁጥር
ሁሉም ደግ። ግን አሸዋው ከየት ነው የሚገባው? ከመሳፈሪያው ነው። መሳፈሪያው ላይ እግር የሚጠረግበት የለም፣ ሳንቃው አረንጓዴ ይዟል፣ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጀልባ ውስጥ የምታደርጉትን ሁሉ መሳፈሪያው ያበላሸዋል።

8 ቁጥር
ይህን ከመጀመሪያው ብትለው የጫማ ንግግር ባልኖረ ነበር። የ2 ሜትር ሻካራ ምንጣፍና የእግር ማጠቢያ ገንዳ መሳፈሪያው ላይ ይደረግ።

11 ቁጥር
የሙሽራ ቬሎም በተሰበረው ሳንቃ ነው የሚያዘው። ለመሳፈሪያው ከሆነ ተጨማሪ 2,000 እሰጣለሁ።

3 ቁጥር
ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ሙሉ ውኃ ውስጥ ያለው ክፍል ይቆያል፤ የሚበሰብሰው ውኃና አየር የሚገናኙበት ነው፣ ሐይቁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ልክ። እዚያ ላይ በካቻቢቴ ፈትሹ። ሳንቃው ጽድ ቢሆን ይመረጣል፣ በመካከሉ 1 ሴንቲ ክፍተት ይተው፣ አሸዋው እንዲወርድ።

5 ቁጥር
የመሳፈሪያውን ቋሚ የሚፈትሽ ኮሚቴ ይቋቋም። እኔ እገባለሁ።

7 ቁጥር
እኔም።

ገንዘብ ያዥ
ሣጥኑ ሁለቱን አይችልም። ወይ መሳፈሪያ ወይ ወለል። ሁለቱንም የሚል ቁጥሩን ይዞ ይምጣ። 9 ቁጥር፣ ስልክህን አንሣ።

ሰብሳቢ
መሳፈሪያው የሁላችንም ነው፣ እንግዳም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እስከ ገብርኤል መሳፈሪያው ይሠራ። ወለሉ ከጥምቀት በኋላ ይታያል። ጸሐፊ፣ ረቂቁን በዚህ አስተካክል።

ጸሐፊ
የተስተካከለ፦ ሀ) የመሳፈሪያው ሳንቃና ቋሚ ይጠገን። ለ) የእግር መጥረጊያና ማጠቢያ ይቀመጥ። ሐ) የ4,000 ብሩ መዋጮ ለዚህ ይዋል። የጫማው ነጥብ ወጥቷል። የወለሉ ነጥቦች ለሁለተኛ ዙር ተላልፈዋል።

4 ቁጥር
ቆይ። እኔ በመጀመሪያው ረቂቅ መሠረት ሞኬቱን ነቅያለሁ፣ የበሰበሰውን ኮምፖልሳቶ ቆርጬ አውጥቻለሁ። ወለሌ ከተከፈተ 9 ቀን ሆነው። እስከ ጥምቀት ቆሜ ልጠብቅ?

3 ቁጥር
አትጠብቅ። የጠዋቱ ጤዛ ብቻውን የተቆረጠውን ጠርዝ ያብጠዋል። 12 ሚሊውን በካርቶን ልክ ቁረጥ፣ ሁሉንም ፊት ሬዚን ሁለት እጅ ቀባ። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር (ማጠንከሪያ)፤ ከ10 ካነሰ እያጣበቀ ይቀራል፣ ከ20 ካለፈ ይግልና ይሰነጠቃል። ቀትር ላይ ወደ 10ው ተጠጋ። ሬዚኑ ኮባልት (መድረቁን የሚያፋጥን ፈሳሽ) ያልገባበት ከሆነ ኮባልቱን መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ አማስል፣ ከዚያ ብቻ ሃርድነሩን ጨምር። ሁለቱን ለብቻቸው በአንድ ዕቃ እንዳታገናኛቸው፣ ይፈነዳሉ። መነጽር አድርግ፤ ሃርድነር ዓይን ከነካ ያጠፋል። ሸራውን ከጀልባው ጠርዝ 20 ሴንቲ ከፍ አድርገህ እሰር፣ አየር ይዙርበት። ብሎኑን ነገ መጥቼ አሳይሃለሁ።

4 ቁጥር
እሺ ጋሼ። ኮምፖልሳቶው አለኝ። ትራፓኖው 14 ቁጥር ጋ ነው፣ ዛሬ ይላክልኝ። የማኅበሩ ሬዚን ማን ጋ ነው?

ገንዘብ ያዥ
9 ቁጥር ጋ።