አስቸኳይ፦ ለእግረኛ ድልድይ «ኢዝመንት» ሊሰጡ ነው፤ አትክልታችን ሊነሳ ነው?

ጤናአዳም (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት አትክልታችን መሃል ካስማ ተክለው ብርቱካንማ ሪባን አስረውበታል። አጥሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት «ለእግረኛና ለብስክሌት ድልድይ ቋሚ ኢዝመንትና ጊዜያዊ ኢዝመንት» ይላል። ነገ በ7 ሰዓት በከተማው ስብሰባ ይወሰናል። መሬቱን ሸጡት ማለት ነው? ስድስት ቤተሰብ ነን። ጎመኑ ገና አልደረሰም!

ማሙሽ፦
የት ከተማ ነሽ? ወረቀቱን ፎቶ አንሽና ለጥፊ።

ብስክሌተኛው፦
እህቴ፣ ድልድይ መቃወም ልክ አይመስለኝም። አሜሪካ፣ ሲያትል ኖርዝጌት ያለውን የጆን ልዊስ የእግረኛ ድልድይ እዪው። በፈረንጅ 2021 ከባቡር ጣቢያው ጋር በአንድ ቀን ተከፈተ። 1,900 ጫማ ገደማ ነው፤ አይ-5 የሚባለውን አውራ ጎዳና ተሻግሮ ኖርዝ ሲያትል ኮሌጅ ግቢ ያወርድሻል። ድሮ ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነበር።

ጤናአዳም፦
ድልድዩን ማን ጠላ ወንድሜ? እኔ ራሴ ባቡር ለመያዝ አውራ ጎዳናውን ዞሬ 40 ደቂቃ ነው የምሄደው። የጠየቅኩት ስለ መሬቱ ነው። ሲያትል አጠገብ ነን። የአትክልት መደባችን የከተማው ፓርክ ውስጥ ነው።

አባ ውል፦
ልጄ፣ ረጋ በይ። አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው መሬት ላይ ካስማ ሲተክል «ተወሰደ» እንላለን። ኢዝመንት ግን ሽያጭ አይደለም። ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ለተባለው ሥራ ብቻ የመጠቀም መብት ያገኛል። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ዓይነት ነገር ነው። በጎረቤት መሬት የማለፍ መብት እንደማለት። እኔ በወጣትነቴ በአንዲት የእግር መንገድ የተነሳ ሁለት ወንድማማቾች ዓመታት ሲካሰሱ አይቻለሁ...

ማሙሽ፦
ፎቶ ለጥፊ እንጂ።

ቀያሹ፦
ሥራዬ ቅየሳ ነው። ካስማ ስለተተከለ ብቻ አትደንግጡ፤ ወሰን ማሳያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ኢዝመንት ለይታችሁ እዩ። ቋሚው ምሰሶው የሚቆምበትና ድልድዩ የሚያልፍበት ነው። ጊዜያዊው ለክሬኑና ለዕቃ ማራገፊያ ነው፤ ማብቂያ አለው። አብዛኛውን ጊዜ አትክልት የሚረገጠው በጊዜያዊው ነው።

አሁኑኑ ለከተማው ጸሐፊ ደውላችሁ ነገ ከሚወሰንበት ረቂቅ ጋር የተያያዘውን ካርታ ጠይቁ። ስፋቱን፣ ጊዜያዊው የሚያበቃበትን ቀን፣ «እንደነበረ ይመልሳል» የሚል ቃል መኖሩን እዩ። ቃሉ ከሌለ ነገ የምትጠይቁት እሱን ነው።

ሌላም አለ። ቦታ የሚበላው መወጣጫው ነው። ለዊልቸር ስለሚሆን ከ1 ለ12 (1 ጫማ ከፍ ለማለት 12 ጫማ ርዝመት) የበለጠ ዳገት መሆን የለበትም። ድልድዩ 20 ጫማ ከፍ ካለ መወጣጫው ቢያንስ 240 ጫማ ይረዝማል፤ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ። «መወጣጫው በሌላው በኩል ይዙር» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እሺ ላይሉ ይችላሉ፤ መልስ ግን ጠይቁ።

ፍሬሕይወት፦
የፌዴራል የትራንስፖርት ገንዘብ ካለበት በፈረንጅ 1966 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ፓርክን ይጠብቃል፤ «ፎር ኤፍ» ይሉታል። ሌላ የሚሻል አማራጭ መኖር አለመኖሩን ማየት ግዴታቸው ነው። አስተርጓሚም ዛሬውኑ ጠይቁ፤ እናቶች በራሳቸው አፍ ይናገሩ።

ማሙሽ፦
7 ሰዓት ያልሽው በፈረንጅ ነው በአበሻ? እናቶቹን «በ7» ካልሻቸው ምሳ ሰዓት ሄደው በር ላይ ይቀመጣሉ።

ጤናአዳም፦
ውይ! ከምሽቱ 1 ሰዓት በሉልኝ። እናቴን ደግሜ ልደውልላት።

ብስክሌተኛው፦
እኔም እመጣለሁ። ድልድዩንም አትክልቱንም ደግፌ እናገራለሁ።

ጤናአዳም፦
እግዜር ይስጥልኝ። ካርታው መጣ። የኛ መደብ ያለው ጊዜያዊው ውስጥ ነው። «እንደነበረ ይመለሳል» የሚለው አለ፤ ግን የሚያወራው ስለ ሣር ብቻ ነው።

ቀያሹ፦
«የአትክልት መደብ፣ አፈሩና የውሃ መስመሩ» የሚል አስጨምሩ። ዛሬ ማታ በጽሑፍ ላኩት፤ ነገ ደግሞ በቃል ድገሙት።

ማሙሽ፦
ሳምንት ሆነ። ጤናአዳም፣ እንዴት አለቀ? ጎመኑስ?