የፈረሰ ኮንክሪት ተፈጭቶ በአሸዋ ፋንታ ለልስን ይሆናል?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ የፈረሰ ቤት የወለል ኮንክሪትና ብሎኬት አንድ ላይ ተደቁሶ፣ አሸዋ ሳይገባበት 1 ለ 4 (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ የተደቆሰ) ተቦካ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ድርቅ ይልና ለግንበኛ ማንኪያ አይታዘዝም። ውሃ እየተጨመረ የተለሰነው ግድግዳ በሳምንቱ ተሰነጣጥቆ የሸረሪት ድር መሰለ። ግንበኛው «ሲሚንቶ ይጨመር» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ቱንቢ፦
አብሽር፣ ሲሚንቶው ምንም አላደረገም። በተፈጨ ኮንክሪት ቅንጣት ላይ የተጣበቀው አሮጌ ሲሚንቶ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ጥሩ የወንዝ አሸዋ ከክብደቱ 1 እስከ 3 በመቶ ቢጠጣ ነው፤ ይሄ 10 በመቶም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የቡኮውን ውሃ ይመጠዋል፣ አንተ ትጨምራለህ፣ ልስኑ ይላላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ማብዛት መኮማተሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድንም።

ማታ ክምሩን በደንብ አርስና በላስቲክ ሸፍነህ አሳድር። ጠዋት ስትጨብጠው እጅህን አርጥቦ ውሃ ካልተንጠባጠበ ደርሷል። ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትተካ፤ ከአራት አንድ እጅ ይበቃል። 50 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን አሠራ፤ 35 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ጋር በመጠን እኩል ነው። ለአንድ ከረጢት 3 ሳጥን የወንዝ አሸዋ፣ 1 ሳጥን የተፈጨ። መጀመሪያ በደረቁ ቀለሙ አንድ እስኪሆን አገላብጥ፣ ከዚያ ውሃ። በአንድ ሰዓት የምትጨርሰውን ያህል ብቻ አቡካ፤ የደረቀውን በውሃ ማስነሳት የለም።

ወንፊት፦ ለግንብ 5 ሚሊ ሜትር፣ ለልስን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለመጨረሻው ልባስ ግን ንጹህ አሸዋ ብቻ።

ቦርከና ዳር፦
የቱንቢ ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ዘለለው፦ ጄሶ። የኮርኒስ ወይም የግድግዳ ጄሶ ከገባበት፣ እርጥበት ሲያገኝ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ያብጣል። ልስኑ ከወራት በኋላ ይነፋና ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ማስተካከያ የለውም። ስለዚህ ከመደቆሱ በፊት ጄሶውን፣ ቀለሙን፣ እንጨቱንና ጭቃውን ልቀም። አሮጌ የአስቤስቶስ ክዳን ካለ ጭራሽ አይነካ። ብሎኬቱንም ከኮንክሪቱ ለይ፤ በቀላል ጠጠር የተሠራ ከሆነ ከኮንክሪት ይብስ ውሃ ይጠጣል።

ደቃቁ እንዳይበዛ ደግሞ በብርጭቆ ጠርሙስ ፈትሽ። ግማሽ ድረስ የተፈጨውን፣ ከላይ ጨው ጣል ያለበት ውሃ፣ በኃይል ነቅንቀህ 3 ሰዓት አስቀምጥ። አሸዋው 100 ሚሊ ሜትር ሆኖ በላዩ የተኛው ደቃቅ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ እጠበው። ስትደቁስ አርጥበህ ደቁስ፣ አፍንጫህንም ሸፍን፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ። የተለሰነውስ ይፍረስ?

ቱንቢ፦
በማንኪያው እጀታ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ፈልፍለህ፣ አርጥበህ እንደገና ልሰን። ድፍን ከሆነና ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ ቀለም ይሸፍነዋል። አዲሱን 7 ቀን ውሃ አጠጣ፤ የደሴ ነፋስ ቶሎ ያደርቃል።

ሚዛን፦
እኔ ግን ሒሳቡን ልጠይቅ፦ በእጅ ለመደቆስና ለመንፋት የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ከአሸዋው ዋጋ ካለፈ ምን ዋጋ አለው? ትልልቁን ቁራጭ ለወለል ሙሌት ጠቅጥቀው፤ ሲደቆስ የሚወርደውን ብቻ ንፋ። ለቆሎን (ለኮንክሪት ምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል ኮንክሪት) እንዳታስበው።