ዳገት ላይ ደህና፣ ሲቆም የሚጠፋ ሞተር ሳይክል

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአባቴ የወረስኩት ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ ግትርነቱም እንደዚያው። በከፍተኛ ዙር ሲሄድ እንከን አይወጣለትም። ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ሳደርገው ግን ይንተፋተፋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ስቆም ደግሞ ድንገት ይጠፋል።

ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥል እሳት የሚፈነጥቀውን) ቀየርኩ፤ በሳምንቱ ጥላሸት ለብሶ አገኘሁት። የአየር ማጣሪያውን አጸዳሁ። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩንም ፈትቼ በቤንዚን አጥቤ ቀዳዳዎቹን በአየር አስነፋሁ፤ ለሁለት ቀን ተሻለውና ተመልሶ ያው ሆነ። ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ሳደርገው አይጠፋም፤ ነገር ግን ይህ በሽታውን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም።

ግራ የገባኝ የእሑዱ ነገር ነው። ጣርማበርን ተሻግሬ ቆላው ሸዋ ሮቢት ስወርድ ችግሩ ከሞላ ጎደል ለቀቀው። ስመለስ ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን ሳጋምስ፣ ፎቶ ላነሳ ብዬ ብቆም፣ እንደገና ጠፋብኝ። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ በዝቶበት ይሆን? ግን እኮ እዚሁ ብርድ ውስጥ ዓመታት በሰላም አገልግሏል! እኔ የምጠረጥረው የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊ (ውስጡ ያለውን የነዳጅ ከፍታ የሚቆጣጠረውን) ወይም ከተጠቀምኩበት በኋላ ሙሉ በሙሉ የማይመለስ ቾክ (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ድብልቁን በነዳጅ የሚያበዛውን) ነው። አንድ መካኒክ ደግሞ ምንም ሳይፈታ «ቫልቩ ነው» (የሞተሩ ማስገቢያና ማስወጫ መዝጊያ ማለቱ ነው) ብሎኛል።

ይህ የገጠማችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከየትኛው ልጀምር? የተንሳፋፊውን ከፍታ ያለ ልዩ መሣሪያ ማስተካከል ይቻላል? አዲስ ካርቡሬተር ግዛ የሚለውን ምክር ግን ኪሴ አይሰማም።